ሰሌዳውን እያነበበች ደብተሯ የሚደበዝዝባት ልጅ፦ ችግሩ የመነጽር ነው ወይስ የስኳሩ?

እናት ከአዳማ፣ ሰኞ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እኅቶች። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የስኳር ሕመም እንዳለባት የታወቀው በ7 ዓመቷ፣ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስኳሯ አልታዘዝ ብሎን ከርሟል፤ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የመጨረሻው የደም ምርመራ ውጤትም 11.8 ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ወር በፊት ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። አምስት ቀን ከተኛች በኋላ የኢንሱሊኑ መጠንና ሰዓት ተለወጠላት፤ ጠዋት ስንለካ 350 ይል የነበረው አሁን 150 አካባቢ ነው። እፎይ ባልንበት ሳምንት ግን «እማዬ፣ ፊደሉ ይደበላለቅብኛል» አለችኝ። የሚገርመው፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከመጨረሻው ወንበር ሆና ታነባለች፤ ያቃታት ደብተሯ ነው። አባቷ ደንግጦ በማግሥቱ መነጽር ቤት ወሰዳት፣ በማሽን ለክተው የማንበቢያ መነጽር ሰጧት፤ እርሷም ደስ አላት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መነጽሩ ራስ ምታት ሆነባት፤ እንዲያውም ስታወልቀው ይሻለኛል ትላለች።

ስኳር ዓይን እንደሚጎዳ በወሬ እሰማለሁ፤ ይህ የአዛውንቶች ነገር ይመስለኝ ነበር። በስድስት ዓመት ክትትል ውስጥ አንድም ቀን ዓይኗን አሳዩ ያለን ሰው የለም። ይህ ያ የሚፈራው ነገር ነው? ወይስ መነጽሩ ተሳስቶ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለሱቁ፣ ሰኞ ማታ 3፡02

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የማውቀውን ልናገር። የአጎቴ ልጅ በክኒን እያለ ደህና ያይ ነበር፤ ኢንሱሊን ከጀመረ በዓመቱ ዓይኑ ጠፋ። የአንቺም ልጅ ዓይኗ የደከመው ኢንሱሊኑ ከተጨመረ በኋላ መሆኑን ራስሽ ጽፈሻል። መጠኑን ቀስ አድርጉ እላለሁ።

የዓይን ሐኪም፣ ሰኞ ማታ 4፡40

ወ/ሮ እናት፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ የኢንሱሊኑን መጠን ያለ ሐኪሟ ትእዛዝ እንዳይነኩት። ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ ተገቢ መልስ ይፈልጋልና ኋላ እመለስበታለሁ።

የገለጹት ምልክት ለዓይን ሐኪም በጣም የተለመደ ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ ዓይን ሌንስ ይገባል፤ እዚያም ከፊሉ ሶርቢቶል ወደሚባል፣ በቀላሉ ከሌንሱ ወደማይወጣ ነገር ይለወጣል። በሕክምና የደሙ ስኳር በአንድ ጊዜ ሲወርድ በሌንሱ ውስጥ የቀረው ይህ ነገር ውኃ ይስባል፣ ሌንሱ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ይለወጣል፣ ልጂቱም ሩቁን እያየች ቅርቡ ይጠፋባታል። ስኳሩ በአዲሱ ልክ ሲረጋጋ ሌንሱም በጥቂት ሳምንታት ወደ ቦታው ይመለሳል። መነጽር ቤቱ የለካው በዚያ ሳምንት የነበረውን ሌንስ ነው፤ ያ ሌንስ ዛሬ የለም፤ መነጽሩ ግን አለ። ስለዚህ ስኳሩ ከተረጋጋ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይጠበቅ ለስኳር ታማሚ መነጽር ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ለጊዜው የምታነበው በትልቅ ፊደል ቢታተምላት ወይም ጓደኛዋ ብታነብላት ይበቃል።

ይህን ስል ግን «ደህና ነች» ማለቴ አይደለም። በሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚያርፍበት የዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሲጀምር አያምም፣ አያደበዝዝም፣ አይቀላም። ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ሳስቶ እንደ መርፌ ራስ ያበጣሉ፣ ከዚያ ይደማሉ፣ ፈሳሽና ስብ ያፈስሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይዘጋሉ። የተዘጋበት የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጣ አዳዲስ ደም ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ኬሚካል ይረጫል፤ የሚበቅሉት ሥሮች ግን ልፍስፍስ ስለሆኑ ዓይን ውስጥ ይደማሉ፣ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል። ታካሚው «ዓይኔን አመመኝ» ብሎ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

የሕፃናትና የወጣቶች ስኳር ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር መመሪያ፣ ዓይነት አንድ ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት፣ በልጆች የተለመደው) ያለበት ልጅ 11 ዓመት ሲሞላው ወይም ጉርምስና ሲጀምር፣ ከሕመሙ ጋርም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ከቆየ፣ የሬቲና ምርመራ እንዲጀመርለት ይመክራል። የአሜሪካው የስኳር ሕመም ማኅበር ምክርም ተመሳሳይ ነው፤ የቆይታውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይለዋል። የእርስዎ ልጅ በሁለቱም ሚዛን ጊዜዋ አልፏል። ብሌኗን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናዋን የሚያይ ሐኪም ዘንድ በዚህ ወር ይውሰዷት። መነጽር ቤት ያለው ማሽን ይህን አያይም። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉት የዓይን ሕክምና ክፍሎች ይህን ይሠራሉ።

ከ9 ዓመቴ ጀምሮ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ዶክተር «አያምም፣ አያደበዝዝም» ያሉትን በራሴ ያየሁት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አሁን 24 ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከመኝታ ክፍል ልጆች ተደብቄ መውጋት ስለሰለቸኝ የምሽቱን ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ እተወው ነበር፤ የመለኪያ ስትሪፕ መግዣውም ሌላ ጣጣ ነው። በሦስተኛ ዓመቴ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የዓይን ምርመራ ሰጡኝና የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር ያለ ስህተት አነበብኩት። ስድስት በስድስት ተብሎ ተጻፈልኝ። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ በቀኝ ዓይኔ ፊት ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፤ እስከ ማታ የሸረሪት ድር ሆነ፤ በማግሥቱ ቀይ ጭስ። ዓይኔ ውስጥ ደምቶ ነው። ያን ሰንጠረዥ ሳነብ ደም ሥሮቹ በቅለው ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

በሁለቱም ዓይኖቼ ሌዘር ተሠራልኝ፣ ለአንደኛው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም ተጨመረ። የመሐል እይታዬ ተረፈልኝ፣ እሠራለሁ፣ አነባለሁ። ነገር ግን ሌዘሩ የዳር እይታን እንደሚቀንስና የማታ ማየትን እንደሚያደክም አስቀድሜ አላወቅሁም ነበር፤ አሁን ሲመሽ ታክሲ ተራ ላይ ሰው እገጫለሁ። ክትትል የማደርግበት ቦታ ለአሥር ዓመት ያህል ስኳሬን ለክቶ መድኃኒት ከመስጠት በቀር ስለ ዓይን አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ወረፋው ያስጨንቃል። ብቻ እናት ሆይ፣ እነርሱ እስኪልኩሽ አትጠብቂ፤ ራስሽ ጠይቂ።

ባለሱቁ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡10

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ። ነገር ግን የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም። የአጎቴ ልጅ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከበርሚንግሃም፣ ማክሰኞ ቀትር 6፡30

ለባለሱቁ እኔ ልሞክር፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ልጄ ግን ይህ ሕመም ስላለበት ብዙ አንብቤበታለሁ። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ዓይነት ሁለት ስኳር (ኢንሱሊን እያለ በሚገባ የማይሠራበት) ላለበት ሰው ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ የሚጀመርለት ክኒኑ ከከሸፈና ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሬቲናው ድምፅ ሳያሰማ ተጎድቷል። ጉዳቱ ሲገለጥ ግን አጠገቡ የሚገኘው መርፌው ነውና ጥፋተኛ ይሆናል።

በአሜሪካና በካናዳ ከ13 እስከ 39 ዓመት የሆኑ 1,441 የዓይነት አንድ ታማሚዎችን ያሳተፈ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ግማሾቹ በዘመኑ ልማድ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ኢንሱሊን ሲወስዱ፣ ግማሾቹ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ እየወጉ ወይም ኢንሱሊን በሚያስገባ ፓምፕ ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ዓይናቸው ገና ባልተነካው ዘንድ ጠበቅ ያለው ሕክምና የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ ቀነሰው። ኢንሱሊን ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ የወጉት ነበር የሚታወሩት።

ለእናት የሚጠቅመው ደግሞ የታዳጊዎቹ ውጤት ነው። በጥናቱ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት የነበሩት 195 ልጆች ነበሩ፤ ጥብቅ ሕክምና ያገኙት እንኳን በሦስት ወሩ ምርመራ እንደ አዋቂዎቹ ወደ 7 መውረድ አቅቷቸው 8 አካባቢ ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ 10 ይጠጉ ነበር። ይህም ሆኖ በዚያ ልዩነት ብቻ ዓይናቸው ገና ያልተጎዳው የሬቲና ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው በ53 በመቶ ቀነሰ። ከ11.8 ወደ 9 መውረድ ከንቱ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ ይህን ንገሪው። ጥናቱ ካበቃ በኋላ የሁለቱ ወገኖች ስኳር ተቀራረበ፤ ይሁንና በጥብቅ የተያዙት ዓይን ለዓመታት የተሻለ ሆኖ ቀጠለ።

እኛ በምንኖርበት አገር ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው የዓይን ፎቶ መነሻ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል፤ ባንሄድ ሌላ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላሉ ሰዎች የዓይነ ስውርነት ምዝገባ ዋና ምክንያት መሆን፣ ቢያንስ በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስኳር ላይ እንደተነሣ ጽፏል፤ ጸሐፊዎቹም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የፎቶ ምርመራ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ደብዳቤው ሲመጣ ልጄ ያጉረመርማል፤ እኔ ግን አገር ቤት ያሉት የእኅቴ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

የዓይን ሐኪም፣ ማክሰኞ ማታ 1፡50

ከበርሚንግሃም የጻፉት ወንድም በሚገባ መልሰዋል፤ ለባለሱቁ ፍትሕ ለመስጠት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየና ሬቲናው አስቀድሞ ከተጎዳ፣ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወራት ጉዳቱ ባሰ ሊል ይችላል። ያው የ1993 ጥናት ይህንኑ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥብቅ ሕክምና ያገኙት በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ መፍትሔው ኢንሱሊኑን መቀነስ ሳይሆን፣ ሕክምናው ከመጠበቁ በፊት ዓይኑን ማየት፣ ጉዳት ከተገኘም በየሦስት ወሩ መከታተል ነው። ወ/ሮ እናት፣ «በዚህ ወር» ያልኩዎ ለዚህ ጭምር ነው፤ የልጅዎ ስኳር በአንድ ጊዜ ብዙ ወርዷል።

ባለሱቁ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡05

አሁን ገባኝ። መጠኑን ቀስ አድርጉ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ እኅቴ ይቅርታ።

ሲስተር ከስኳር ክሊኒክ፣ ማክሰኞ ማታ 4፡00

እኔ የማየው ሌላውን ጎን ነው። «ባለፉት ሁለት ዓመታት አልታዘዝ አለን» ያልሽውን ሳነብ ልጅቷ 11 ዓመቷ ላይ መሆኗን ቆጠርኩ። ጉርምስና ሲጀምር ሰውነት የሚያመነጨው የዕድገት ሆርሞን የኢንሱሊንን ሥራ ያደክማል፤ ትናንት የበቃት መጠን ዛሬ አይበቃትም። ወላጆች ደግሞ መጠኑ እንዲስተካከል ከመምጣት ይልቅ «ተደብቀሽ ጣፋጭ በልተሽ ነው» እያሉ ልጅቷን ያስለቅሷታል። አንዳንዷ በእርግጥ ትበላለች፤ የማትበላውም ግን አብራ ትከሰሳለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቁጥሩን መደበቅ ትለምዳለች፤ በደብተሯ ላይ 140፣ 135፣ 142 እያለች የፈጠራ ቁጥር ትጽፋለች፤ የሦስት ወሩ ምርመራ ደግሞ 12 ይላል። 12 ማለት አማካዩ ወደ 300 ነው፤ አይዋሽም።

«ዓይንሽ ይጠፋል» እያላችሁ አታስፈራሯት። በክሊኒካችን እንዲህ ተብለው ያደጉ ልጆች «ለማይቀረው ምን አስጨነቀኝ» ብለው መውጋት ሲተዉ አይቻለሁ። ወደ ጠበል ስትሄዱም ኢንሱሊኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ መርፌውን አቁሞ የሚጸበል ልጅ በቀናት ውስጥ ራሱን ይስታል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ኢንሱሊኑን በሸክላ ማሰሮ፣ በዙሪያው በእርጥብ አሸዋ፣ በጥላ ሥር አስቀምጡት። ፀሐይ ያገኘው ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል፤ ቤተሰቡ ወጋሁ ይላል፣ ስኳሩ አይወርድም፤ ይህም በዓይን ላይ ሂሳቡን ያስከፍላል።

የዓይን ቀጠሮ ስትይዢ የደም ግፊቷን አስለኪ፣ ሽንቷም ለፕሮቲን ይታይ፤ የኩላሊትና የዓይን ጥቃቅን ደም ሥሮች አብረው ይታመማሉ።

የመንታዎች እናት፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡45

ከጎንደር አካባቢ ነኝ። የእኔ ታሪክ ከሁላችሁም ይለያል። አንደኛው ልጄ በ12 ዓመቱ ውኃ መጠጣት አብዝቶ ከሳ፤ ትል ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ስኳር መሆኑ የታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ኢንሱሊን በጀመረ በሁለተኛው ወር በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ያንጸባርቅበታል ይላል። ጎረቤቶች ዓይን በልቶት ነው አሉ። ሆስፒታል ስንሄድ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በልጆችም በስኳር ምክንያት ይመጣል ተባልን። በሁለቱም ዓይኖቹ በየተራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባለት። አሁን ያነባል፤ ለቅርብ ግን መነጽር ይፈልጋል። መንታው ስኳር የለበትም።

የዓይን ሐኪም፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡10

ይህን ማንሣትዎ ጥሩ ነው። የሞራ ግርዶሽ በስኳር ሕፃናት ዘንድ ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ እንደ ሬቲናው ዓመታትን አይጠብቅም፤ ሕመሙ በታወቀበት ሰሞን ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይም ልጁ ሳይታወቅለት ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ስኳር ከቆየ። በመብራት ሲታይ በሌንሱ ላይ እንደ በረዶ ብናኝ ተበትኖ ይታያል። ስለዚህ አዲስ የታወቀለት ልጅ ዓይን በዚያው ሰሞን አንድ ጊዜ መታየቱ ይጠቅማል፤ የሬቲናው መደበኛ ምርመራ ደግሞ በጊዜው ይቀጥላል። ስኳር ያለበት ልጅ ሞራ ሳይኖረው፣ ሬቲናውም ሳይደማ እይታው ቀስ በቀስ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የዓይን ነርቭ መመንመን ያለበት፣ በዘር የሚተላለፍ ዎልፍራም የሚባል ብርቅ በሽታ መኖሩን እናስባለን።

ከሜሪላንድ፣ ረቡዕ ማታ 5፡30

አጭር ጥያቄ አለኝ፤ ወንድ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር ዓይነት ሁለት ነው አሉን፤ ክብደቱም ከፍ ያለ ነው። ለእርሱም አምስት ዓመት ይጠበቃል?

የዓይን ሐኪም፣ ረቡዕ ማታ 6፡00

አይጠበቅም። ዓይነት ሁለት ከመታወቁ በፊት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል የሬቲና ምርመራው እንደታወቀ ወዲያው ይደረጋል፣ ከዚያም በየዓመቱ። በአሜሪካ ከ10 እስከ 17 ዓመት ሳሉ ዓይነት ሁለት የታወቀባቸውን ልጆች ለዓመታት በተከታተለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 ሬቲናቸው የተጎዳው 13.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 እና 2018 ሲታዩ 51 በመቶ ሆነዋል። አማካይ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 26 ዓመት ገደማ ነበር።

እናት ከአዳማ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ማታ 1፡30

ወገኖቼ፣ ሄድን። ጠብታውን በየመሐሉ ደጋግመው ጨመሩላት፣ ብሌኗ እስኪሰፋ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ ሲስተር እንዳልሽው ሽንቷና ግፊቷም ታየ፣ ሁለቱም ደህና ነው። በወረፋ ላይ ስኳሯ ወርዶ ስለነበር ይዤው የሄድኩት ዳቦና ብርቱካን አዳነን፤ የምትሄዱ ሁሉ ይህን አትርሱ። ስንወጣ ብርሃኑ እየወጋት የእኔን ነጠላ በፊቷ ላይ ጥላ ተመለስን፤ ኮፍያ ወይም የፀሐይ መነጽር ይዘን ብንሄድ ኖሮ መልካም ነበር።

ሌንሷ ጥርት ያለ ነው። መነጽሩን ተዉት አሉን፤ በእርግጥም ደብተሯን ያለ እርሱ ማንበብ ጀምራለች። ሬቲናዋ ላይ ግን በግራ ዓይኗ ሦስት፣ በቀኝ አንዲት ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ፤ መጀመሪያው ነው፣ ለዚህ ሌዘርም መርፌም አያስፈልግም፣ ስኳሯ በፍጥነት ስለወረደ ግን በሦስት ወር ተመለሱ ተባልን። አባቷ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ስንደርስ መርፌውን ራሱ አዘጋጅቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬ ይህ የእኔ ሥራ ነበር።

ልጄ ሁለት ጥያቄ አላት፦ ስልክ በማየቴ ነው ወይ ነጠብጣቡ የመጣው? እና ሊጠፋ ይችላል ወይ?

የዓይን ሐኪም፣ ዓርብ ማታ 3፡15

ለልጃችን፦ ስልኩ ዓይንን ያደክማል እንጂ በሬቲና ደም ሥር ላይ ነጠብጣብ አያመጣም፤ ነጻ ነው። ነጠብጣቦቹ ደግሞ ይጠፋሉም፣ አዲስ ይመጣሉም፤ አንዷ ጠፍታ ሌላዋ በሌላ ቦታ ልትታይ ትችላለች። ለዚህ ነው ፎቶ የምናነሣው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካነሡሽ ቅጂውን ለምኚያቸውና ጎን ለጎን አድርገሽ ራስሽ ቁጠሪያቸው።

እናት ከአዳማ፣ ዓርብ ማታ 3፡40

ፎቶውን አስቀድማ ለምናቸዋለች፤ ስልኳ ላይ አለ። ለክፍል ጓደኞቿ «ይቺ ብርቱካን የመሰለችው የእኔ ዓይን ናት» እያለች ታሳያለች።